ፓንዳዎቹ የማን ናቸው?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በፈረንጆች 2023 መጨረሻ ላይ ልጄን ይዤ ዋሽንግተን ናሽናል ዙ ሄጄ ነበር። ፓንዳ ልታይ ቋምጣ፣ ግን ቦታው ባዶ። አጥሩን በሁለት እጇ ይዛ «የት ሄዱ?» አለችኝ። «ቻይና ወሰደቻቸው» ስላት «የእኛ አይደሉም እንዴ?» አለች፤ መልስ አጣሁ። አሁን ደግሞ አዲሶች መጥተዋል። ለመሆኑ ይሄ እንስሳቱን ለማዳን ነው ወይስ ፖለቲካ ብቻ?

ቀርከሃ፦
ልጅሽ ልክ ነው የጠየቀችው። በ1972 የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ኒክሰን ቤጂንግ ደርሶ ሲመለስ ከቻይና የተላኩት ሊንግ ሊንግና ሺንግ ሺንግ የሚባሉ ፓንዳዎች ስጦታ ነበሩ። አሜሪካም በምላሹ ማስክ ኦክስ የሚባሉ ፀጉራም የሰሜን ዋልታ እንስሳት ሰጠች። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን ስጦታ ቀርቶ ውሰት ሆኗል። ብዙ ጊዜ ውሉ ለ10 ዓመት ነው፣ ለአንድ ጥንድ በዓመት እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ይከፈላል፣ እዚህ የሚወለደው ግልገልም የቻይና ነው። በ2023 የሄዱት ውላቸው ስላለቀ ነው። ሁለቱ አገሮች ተኳርፈው በነበረበት ሰዓት ስለሆነ ግን ብዙ ሰው የፖለቲካ መልእክት አድርጎ ነው ያየው፣ እኔም ጭምር። አዲሶቹ ፓንዳዎች፣ ባኦ ሊ እና ቺንግ ባኦ፣ የመጡት በኦክቶበር 2024 ነው።

ጫካው፦
«ፖለቲካ ብቻ» በሚለው አልስማማም። በ2016 የፓንዳ የመጥፋት አደጋ ደረጃ በአንድ እርከን ቀንሷል፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ያዳነው በተለይ ሲቹዋን በሚባለው የቻይና ክፍለ ሀገር ያለው ደን መጠበቁ ነው እንጂ ውጭ አገር የሚታየው ጥንድ አይደለም። ከተማ ውስጥ ፓንዳ ማየትና ፓንዳን ማዳን ይለያያሉ። ፊንላንድን እዩ፣ የ15 ዓመት ውል ይዛ ወጪው ስለከበዳት በ2024 ሁለቱንም መልሳለች።

የአፋር ሜዳ፦
እኛም እኮ አለንበት። በ1880ዎቹ ከኢትዮጵያ ለፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ዡል ግሬቪ የሜዳ አህያ ተልኮለት ነበር። ያ ቀጫጭን መስመር ያለው፣ ጆሮው ሰፋፊ የሆነው ዝርያ እስከ ዛሬ በዓለም የሚጠራው በሰውዬው ስም ነው። ዛሬ በዱር የቀረው ኢትዮጵያና ኬንያ ብቻ ነው፣ እሱም ጥቂት። ስለ ፓንዳ ስናወራ እሱንም ባንረሳው ደስ ይለኛል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ተባረኩ። ቅዳሜ መልሼ እወስዳታለሁ። የተዋስናቸው መሆኑን እነግራታለሁ፣ የሜዳ አህያውንም ታሪክ ጨምሬ።