ጂም ኬሪ የራሱን ፊልም መቃወሙ ልክ ነበር? የ«ኪክ-አስ 2» ክርክር

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የዛሬው መከራከሪያችን ብዙዎቻችንን ያሳዘነ ፊልም ነው፤ «ኪክ-አስ 2»። ከኮሚክ መጽሐፍ የተወሰደ፣ ጭምብል አጥልቀው ወንጀለኛ የሚቀጡ ተራ ሰዎች ታሪክ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2013 ሊወጣ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው ከተዋናዮቹ ትልቁ ስም ጂም ኬሪ ትዊተር ላይ ወጣ። ይህን ያህል ጭካኔ መደገፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም አለ። እሱ ተቀርጾ በወሩ ነበር ኮነቲከት ውስጥ ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች የተገደሉት። በሥራው እንደማያፍር፣ ልቡ ግን እንደተለወጠ ጻፈ፤ ባልደረቦቹንም ይቅርታ ጠየቀ። የኮሚኩ ደራሲ ማርክ ሚላር ግራ እንደገባው መለሰ። ፊልሙ ውስጥ ያለው ሁሉ ስክሪፕቱ ላይ ነበር፣ ልብ ወለድም ልብ ወለድ ነው አለ።
እንግዲህ ጥያቄው፦ ኬሪ ልክ ነበር? የፊልሙ ጥፋት የደሙ ብዛት ነው ወይስ ሌላ? በጨዋ ደንብ እንከራከር።

የፒያሳው ልጅ፦
እኔ ኬሪን በግማሹ ነው የምቀበለው። መቃወሙ ገብቶኛል። የተቃወመበት ምክንያት ግን ዒላማውን ስቷል።
እ.ኤ.አ. የ2010ሩን የመጀመሪያውን ፊልም ደም ስላልነበረው አይደለም የወደድነው። ደሙ እንደ ጉድ ነበር። ግን ሕመም ነበረው። ራሱን ኪክ-አስ ያለው ዴቭ የሚባል ተማሪ አረንጓዴ ልብሱን ለብሶ መጀመሪያ ቀን ሲወጣ ምን ሆነ? የመኪና ሌቦች ሆዱን በጩቤ ወጉት። እየተንገዳገደ አስፋልት ሲገባ መኪና ገጨው፤ ሾፌሩም ጥሎት ሄደ። ከዚያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ሰውነቱ ውስጥ ብረት። ጀግና መሆን ስንት እንደሚያስከፍል ገና ከመነሻው አየነው። ኒኮላስ ኬጅ የሚጫወተው የሂት-ገርል፣ የትንሿ ጭምብለኛ ልጅ፣ አባትስ? በእሳት እየነደደ፣ ልጁ በጨለማ እንዴት እንደምትዋጋ እየጮኸ ይነግራታል። ያን ስመለከት እንባዬን መያዝ አልቻልኩም።
ሁለተኛው ላይ የዴቭ አባት ልጁን ለማዳን «ኪክ-አስ እኔ ነኝ» ብሎ ለፖሊስ እጁን ይሰጣል። እስር ቤት ውስጥ ይገደላል። የሬሳው ፎቶ ለልጁ ይላክለታል። ከዚህ የከበደ ነገር አለ? ቀብሩ ላይ ጠላቶቹ ይደርሳሉ። ተኩስ ይከፈታል። ልጁ ይታፈናል። ሂት-ገርል መኪናው ጣሪያ ላይ ትወጣለች፣ እኛም እሷን እናያለን። አባትየው ተረሳ! እኛ ለቅሶ ቤት ቢያንስ ሦስት ቀን እንቀመጣለን። ይህ ልጅ ለአባቱ ለማልቀስ አንዲት ትንፋሽ እንኳ አልተሰጠውም። እኔን ያሳዘነኝ ይኼ ነው እንጂ የደሙ ሊትር አይደለም።

እናት ከሜሪላንድ፦
ወንድሜ፣ የምትለው ሁሉ የሲኒማ ነገር ነው። እኔ የማወራው ሌላ ነው።
ልጄ የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥቶ የተማረውን አሳየኝ። መብራቱን አጠፋ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገባ። ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠና አፉን በእጁ ያዘ። «እንዲህ ከሆንን ሰውዬው አያገኘንም» አለኝ። ጠመንጃ የያዘ ሰው ትምህርት ቤት ቢገባ ብላ መምህርቷ ናት ያለማመደቻቸው። እዚህ አገር ልጅ የምናሳድግ ሁላችን ይህን እናውቃለን።
ሳንዲ ሁክ የተገደሉት ሕፃናት የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆች ነበሩ። ኬሪ ያንን ሰምቶ፣ ከወር በፊት የተጫወተውን ፊልም ዝም ብሎ ቢያስተዋውቅ ኖሮ ምን እንለው ነበር? «ለገንዘብ ያደረ» እንለው ነበር። ሰው ልቡ ሲለወጥ ተለወጠ ይላል። ፊልሙ አይታይ አላለም፤ እኔ አላጨበጭብም ነው ያለው።

ኤዲተሩ፦
እህቴ፣ ልጅሽን እግዚአብሔር ይጠብቅልሽ። በኬሪ ጉዳይ ግን አልስማማም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሆነው። ስክሪፕቱን አንብቧል፣ ፈርሟል፣ ተቀርጿል፣ ተከፍሎታል። ሊወጣ ሲል ዞር አለ። ፊልም የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። መብራት ያዥ አለ፣ ልብስ ሰፊ አለ፣ ከመኪና ላይ የሚዘልለው ስታንትማን አለ። የእነሱ ስም ፖስተር ላይ አይወጣም፤ ፊልሙ ሲወድቅ ግን አብረው ይወድቃሉ።
እኔ አገር ቤት ለ11 ዓመት ፊልም ስቆርጥ ኖሬያለሁ። ስለ ድብድብ ትዕይንት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቡጢው ሲያርፍ የምትሰሙት ድምፅ ከቀረጻው ቦታ የመጣ አይደለም። እኛ ነን የምንጨምረው። አጥንት ሲሰበር እንዲመስል ጥቅል ጎመን ማይክ አጠገብ እንገነጥላለን፤ ዱላ ሲያርፍ እርጥብ ፎጣ ጠረጴዛ ላይ እንመታለን። ከዚያ ትልቁ ውሳኔ ይመጣል፦ የተመታው ሰው ፊት ላይ ስንት ሰከንድ ትቆያለህ? ሁለት ሰከንድ ከቆየህ ተመልካቹን ያመዋል። ወዲያው ከቆረጥክ ይስቃል። ቡጢው ያው ነው፣ ተዋናዩም ያው ነው።
ማዘር ራሺያ የምትባለዋ ገዳይ ሴት ፀጥ ባለ ሰፈር መሐል አሥር ፖሊሶች የምትጨርስበትን ትዕይንት አስታውሱ። የሣር ማጨጃ ማሽን ሳይቀር ትጠቀማለች። የሟቾቹ ፊት ላይ አንዴ እንኳ አንቆይም። እንድንስቅ ተብሎ ነው የተቆረጠው። የመጀመሪያውን የሠራው ማቲው ቮን መቼ ሳቁን እንደሚያቆም ያውቅበት ነበር። ሁለተኛውን ያዘጋጀው ጄፍ ዋድሎ ሳቁን መቼም አላቆመም። እዚህ ላይ ከፒያሳው ልጅ ጋር ነኝ።

ኮሚክ ሰብሳቢ፦
ኮሚኩን ያነበበ ሰው እዚህ ስላልተናገረ እኔ ልግባ። ሚላር ጽፎ ጆን ሮሚታ ጁኒየር የሣለው ሁለተኛው ኮሚክ ከፊልሙ እጅግ ይከፋል። ክፉው ልጅ፣ የዴቭ ዋና ጠላት፣ ዴቭ ይወዳት የነበረችውን ልጅ በቡድን ያስደፍራታል። ሳነበው መጽሐፉን ዘግቼ ተነሥቻለሁ። ፊልም ሠሪዎቹ ያንን አውጥተውታል፤ «ቀነስንላችሁ» ማለታቸው ነው።
ግን ምን ተኩበት? በፊልሙ ሌላ ሴት ናት፤ ሆስፒታል የምትገባው የዴቭ የትግል ጓደኛ። ክፉው ልጅ ሊደፍራት ይሞክራል፣ ሰውነቱ እምቢ ይለዋል፣ እኛ በእሱ ሐፍረት እንድንስቅ ይደረጋል። ሴትዮዋ እዚያው ወድቃ እያለች! ለእኔ ከኮሚኩ ይልቅ ይኼ ከፍቶብኛል። ኮሚኩ ቢያንስ እንድጸየፍ አድርጎኛል። ፊልሙ አስገድዶ መድፈርን መሣቂያ አደረገው። ሚላር ሥራዬ የጭካኔን መዘዝ ያሳያል ብሎ ነበር የተከራከረው። እሺ፣ የዚህች ሴት መዘዝ የት ነው የታየው?

የቀድሞው ዳኛ፦
ልጆች፣ ሁላችሁም የመጀመሪያውን ፊልም አሞገሳችሁ። እኔ እሱንም አልወደድኩትም። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሰው ስትሰይፍ የምናጨበጭብበት ፊልም ነው። አሜሪካዊው ሃያሲ ሮጀር ኢበርት እ.ኤ.አ. በ2010 ከአራት ኮከብ አንድ ብቻ ሲሰጠው ትክክል ነበር እላለሁ።
ዕድሜዬን በችሎት ነው የፈጀሁት። የኔ ጥያቄ ስለ ደም አይደለም፤ ስለ ፍርድ ነው። ጭምብል ያጠለቀው ሰው ከሳሽም ዳኛም ገዳይም ራሱ ነው። ፊልሙ ውስጥ ሁልጊዜ ወንጀለኛውን በትክክል ያገኘዋል፤ ደራሲው ስለሚነግረው። በእውነተኛው ዓለም ማን ይነግረዋል? ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ሻሸመኔ ላይ «ቦምብ ይዟል» በሚል ወሬ ብቻ አንድ ሰው በደቦ ተገድሎ ተሰቅሏል። ቦምብ አልተገኘም። ያን ዕለት የነበሩትም ፍትሕ የሠሩ መስሏቸው ነበር።
እኛ እኮ ከዚህ የተሻለ ወግ የነበረን ሕዝብ ነን። አባቶቻችን መንገድ ላይ ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ባለበት ይቆም ነበር። ባለጋራዎች ነጠላቸው ተቋጥሮ፣ ጎን ለጎን በቁራኛ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ጠላቱን በኩታው ጫፍ አስሮ ስንት ሰዓት በእግሩ የሄደን ሰው አስቡት። መንገድ ላይ ቁጣው ይበርዳል። እነዚህ ፊልሞች የሚያጠፉት ያንን መንገድ ነው። ከቁጣ ወደ ቅጣት ቀጥታ ያሻግሩሃል።

የፒያሳው ልጅ፦
ጋሼ፣ የሻሸመኔውን ሲያነሡ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። እውነትዎን ነው፤ የደቦ ፍርድ የሚሠራው እንዲያ ነው።
ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በመጀመሪያው ፊልም ዴቭ አንድ ሰው ለሦስት ሲደበደብ መሐል ይገባል። ዙሪያውን ያለው ሰው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል።  ልጁ እየደማ፣ ቆሞ ከማየት መሞት ይሻለኛል ይላል። እዚያ ማንንም አልፈረደበትም፣ ማንንም አልገደለም። ዱላው መሐል ቆመ እንጂ። ይኼ ከ«በሕግ አምላክ» ጋር ዝምድና የለውም? ለእኔ የታሪኩ ልብ ያ ነበር። ሁለተኛው ፊልም ያንን ልጅ ወስዶ ከሌሎች ጭምብለኞች ጋር ቤት እየሰበረ ሰው የሚቀጠቅጥ አደረገው። ያኔ የእርስዎ ክስ ይሠራል።

የቀድሞው ዳኛ፦
ያንን ትዕይንት እቀበልሃለሁ። መሐል መግባትና መፍረድ ይለያያሉ። ጥሩ ለየህልኝ።

ኮሚክ ሰብሳቢ፦
ዳኛው ባነሡት ላይ አንድ ልጨምር። ከ«ኪክ-አስ» በፊት እ.ኤ.አ. በ1974 የተፈጠረ ፓኒሸር የሚባል ገጸ ባሕርይ አለ። ቤተሰቡ የተገደለበት፣ ደረቱ ላይ የራስ ቅል ያለበት ሰው። ያ የራስ ቅል ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ፖሊሶች መኪና ላይ፣ ወታደሮች ልብስ ላይ ይታያል። ከፈጠሩት አንዱ ጄሪ ኮንዌይ ሕግ አስከባሪ ይህን ምልክት መልበሱ ስሕተት ነው እያለ በአደባባይ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ኮሚክ ውስጥም ፓኒሸር ራሱ አድናቂ ፖሊሶች የለጠፉትን ስቲከር ይቀዳድደዋል፤ እንደ እኔ አትሁኑ ይላቸዋል።
ይህን ያመጣሁት ሚላር «ልብ ወለድ ልብ ወለድ ነው» ስላለ ነው። አዎ ነው። ግን ከመጽሐፉ ወጥቶ መኪና ላይ ሲለጠፍ ደራሲው ዝም አላለም። ኬሪም ዝም አላለም። እኔ የኬሪን ነገር እዚያው ጎን ነው የማየው።

ኤዲተሩ፦
ልዩነቱ ኮንዌይ የተናገረው ሥራው ተመልካች ጋ ከደረሰ በኋላ ነው። ኬሪ ገና ማንም ሳያይ ነው። ያም ሆኖ ፊልሙን ገደለው አልልም። ሁለቱም ፊልሞች በ28 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠሩ። የመጀመሪያው በዓለም ዙሪያ ወደ 96 ሚሊዮን አስገባ፤ ሁለተኛው 60 አካባቢ ቀረ። ሰው የኬሪን ትዊት አንብቦ አይደለም የቀረው። ያየው ላላየው «ይቅርብህ» ስላለው ነው። የሚያበሳጨኝ ደግሞ ምን መሰላችሁ፣ የኬሪ ትወና ከፊልሙ ምርጡ መሆኑ። ማፊያ የነበረ፣ በሃይማኖት የተለወጠ ሰው ነው የሚጫወተው። ፊቱ ላይ ያለፈ ታሪክ ይታያል። ከዚያ በአጭሩ ይገደላል። ያን ሰው ጠብቀው ቢያቆዩት ኖሮ ፊልሙ ሌላ ይሆን ነበር።

አወያይ፦
እናት ከሜሪላንድ፣ የመጨረሻ ሐሳብ አለሽ? ሐሳብሽን የቀየረ ነገር ካለም ንገሪን።

እናት ከሜሪላንድ፦
ኬሪ ልክ ነበር ከሚለው አልወርድም። ግን ኤዲተሩ ስለ ሁለቱ ሰከንድ የጻፈውን አንብቤ ትናንት ማታ ከልጄ ጋር ቁጭ አልኩ። ያ ቁም ሣጥን ውስጥ የገባው ልጅ አሁን አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ሁለቱንም ፊልሞች አብረን አየናቸው፤ ብዙ ቦታ ዓይኔን ጨፍኜ። መጀመሪያው ላይ ኒኮላስ ኬጅ ሲቃጠል ልጄ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። እጁን አፉ ላይ አደረገ፣ ልክ ያኔ እንዳደረገው። ሁለተኛው ላይ የዴቭ አባት ሲሞት ዞር ብዬ አየሁት። ስልኩን አንሥቶ ለጓደኛው እየጻፈ ነበር። «አባትየው እኮ ሞተ» አልኩት። «የትኛው?» አለኝ።