ስምጥ ሸለቆ፦ ምኑ ነው የሰመጠው?

የሀረጎ መንገደኛ፦
ሰላም የቃል ወዳጆች። ትናንት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ሰባተኛ ክፍል ያለችው ልጄ ሀረጎ ቁልቁለት ላይ «እማዬ፣ ስምጥ ሸለቆ የሚሉት ምኑ ሰምጦ ነው?» አለችኝ። እኔ ሰመጠ የምለው ውሃ ውስጥ ለገባ ነገር ነው። መሬት እንዴት ይሰምጣል? መልስ አጣሁላት።

የጦሳ ሥር፦
እህቴ፣ ልጅሽ የጠየቀችሽ ዋናው ቦታ ላይ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ያን ሁሉ ቁልቁለት ወንዝ ብቻውን ቦርቡሮ አላመጣውም። ሦስት መጽሐፍ ቀጥ አድርገሽ በሁለት መዳፍሽ መሀል አጣብቀሽ ያዢ፣ ከዚያ እጅሽን ላላ አድርጊ። የመሀሉ ሸርተት ብሎ ይወርዳል አይደል? መሬቱም ግራና ቀኝ ሲሳብ ይሰነጠቃል፣ በሁለት ስንጥቅ መሀል የቀረው ቁራጭ ይሰምጣል። ኮምቦልቻ ያለችበት የቦርከና ሜዳ እንዲህ የወረደ ነው፤ ዋናው የአፋር ስምጥ ሳይሆን ዳሩ ላይ ያለ ትንሽ ስምጥ ነው። ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ እንደገና ተራራ የምታዪው ለዚህ ነው። ደሴም ብትሆን በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መሀል ያለች ጠባብ ስምጥ ውስጥ ናት።

ቃሉ ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ጥብስ የተጠበሰ ነው፣ ቅልጥ የቀለጠ ነው፣ ስብር የተሰበረ። ስምጥም እንደነሱ ነገሩ ድሮ ሆኖ ያለቀ ያስመስለዋል። አላለቀም! ሌላው ደግሞ ውጤቱን ብቻ ነው የሚነግረን። መስመጡን ይናገራል፣ መራራቁን ይደብቃል። ምክንያቱ ግን መራራቁ ነው። የምድር ቅርፊት ሰሌዳ በሚባሉ ግዙፍ ተንቀሳቃሽ ቁራጮች የተከፋፈለ ነው፤ አፋር ላይ ሦስቱ ይገናኛሉ፦ የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዓረብ። እኛ የኑቢያው ጠርዝ ላይ ነን። የሶማሊያው ከእኛ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ግድም ይርቃል፣ አንዲት የስንዴ ቅንጣት ማለት ነው። በሚሊዮን ዓመት ግን 5 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ከቦርከና ማዶ፦
«ሰሌዳ» ያልከውን ወድጄዋለሁ፤ «ንጣፍ» ሲሉት መሬት ላይ የተዘረጋ ምንጣፍ ነው የሚመስለኝ፣ የሚንቀሳቀስ አይመስልም። እና «ተራራና ተራራ አይገናኝም፣ ሰውና ሰው ይገናኛል» የሚለው ተረት አሁን ምን ሊሆን ነው?

የጦሳ ሥር፦
እንደ አገሩ ነው። የህንድ ምድር ከእስያ ጋር ተጋጭቶ ነው ሂማላያ የተነሣው፣ እዚያ ተራራም ይገናኛል። እኛ ጋ ግን ተረቱ እውነት ነው፣ እንዲያውም በየዓመቱ እውነትነቱ ይጨምራል።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ ስለ ናዳ ልጨምር። ክረምት ሲገባ ደሴ ውስጥ ቤቱ የሚሰነጠቅበት ሰው ብዙ ነው፣ እኔም ግድግዳዬን ሁለት ጊዜ አስጠግኛለሁ። ሰው ሁሉንም ናዳ ይለዋል። ናዳ ግን ከላይ ተንዶ የሚመጣው ድንጋይና አፈር ነው። መሬቱ ቤቱን እንደ ተሸከመ ቀስ እያለ ሲሄድ መንሸራተት ነው የሚባለው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ናዳን ቆመህ ታየዋለህ፣ መንሸራተትን የሚነግርህ አልዘጋ ያለው በር ነው። ደግሞ «ተናደደ» ከናዳ የመጣ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። ነደደ ከሚለው ነው፣ እሳት ነው። የተራራው ግን ናደ፣ ተናደ ነው።

መንቀጥቀጡንም አንርሳ። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ከእኛ በስተደቡብ ማጀቴን ያፈራረሰው፣ ካራቆሬን የጎዳው እሱ ነው። ቃሉን ራሱን በሉት እስኪ፣ ተንቀጠቀጠ። አፍ ውስጥም ይንቀጠቀጣል።

ከቦርከና ማዶ፦
ጋሼ ያበርቱልን። «መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ» የምንለውስ? እኔ ሰው ሲያፍር የሚለው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ጡረተኛው መምህር፦
ሥሩ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለው የዳታንና የአቤሮን ታሪክ ነው፣ መሬት አፏን ከፍታ የዋጠቻቸው። «እሳተ ገሞራ»ም ከዚያው መጽሐፍ ነው፣ ከሰዶምና ገሞራ። የመሬት ከርስ ሲከፈት አባቶቻችን የሚያውቁት ቃል ይህ ነበር። አፋር ውስጥ ደግሞ በ1998 ዓ.ም. መስከረም መሬት በእውነት ተከፈተች። 60 ኪሎ ሜትር በሚሆን ርዝመት ቅልጥ አለት ከሥር ገብቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እስከ 8 ሜትር አራራቃት። በስንዴ ቅንጣት ሲጠራቀም የኖረው ያን ጊዜ ባንዴ ተከፈለ።

የሀረጎ መንገደኛ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁሉንም አነበብኩላት። አሁን ደግሞ «ታዲያ ኮምቦልቻ ሰምጣ ሰምጣ ባሕር ትሆናለች?» ብላ ይዛኛለች።

የጦሳ ሥር፦
ባሕሩ አፋር ደርሶ ያውቃል። እዚያው አፋር ያለው የደናክል በረሃ ዝቅተኛው ቦታ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ነው፣ ቀይ ባሕር ድሮ እዚያ ገብቶ ደርቆ ጨው ትቶ ሄዷል። አያቶቻችን እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት የነበረው አሞሌ የዚያ ባሕር ቅሪት ነው። ኮምቦልቻ ግን ገና 1,850 ሜትር ላይ ናት፣ አብሽሪ በያት።