ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ልቀይር ወይስ የሰንሰለቱን የፊት ጥርስ ብቻ?

ያለኝ ሞተር ሳይክል ሱዙኪ ዲአር 650 ነው፤ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የተሠራው። አስፋልት ላይ ቅሬታ የለኝም። አሸዋና ድንጋያማ ዳገት ላይ ግን አንደኛ ማርሽ እንኳ ይፈጥንብኛል፤ ፍሪሲዮን በግማሽ ይዤ ነው የምወጣው።

የማማክራቸው ሁሉ ቀለል ያለ ማርሚታ ግጠም፣ የአየር ማጣሪያውን ሳጥን ክፈት ይሉኛል። አየሩ ሲበዛ ደግሞ ካርቡሬተሩ ቤንዚን እንዲጨምር መስተካከል አለበት፤ አለዚያ ሞተሩ ይግላል። ይህ ሁሉ ተደክሞ ጉልበቱ የሚገኘው ከፍ ባለ የሞተር ዙር ላይ ከሆነ፣ በዝግታ ለሚወጣ ሰው ምን ይፈይዳል? (ድምፁን የሚወድ ይውደድ፤ እኔ ጆሮዬን እፈልገዋለሁ።)

እኔን የሚያጓጓኝ ባለ15ቱን የፊት ጥርስ፣ ማለትም በሞተሩ በኩል ሰንሰለቱን የሚያዞረውን ባለ ጥርስ ክብ ብረት፣ በባለ14 መቀየር ነው። በየማርሹ ወደ 7 በመቶ የሚጠጋ የመሳብ ኃይል ይጨምራል፤ ወጪውም ከማርሚታ ጋር አይወዳደርም። ችግሩ፣ በረጅም ጉዞ ሞተሩ በዚያው ልክ ዙር ያበዛል።

ባለ14ቱን የሞከራችሁ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ንዝረቱ ይቻላል? ማርሚታ የቀየራችሁስ፣ በዝቅተኛ ዙር ለውጥ አግኝታችኋል? ወይስ ገንዘቡን ለአሞርዛቶር ላውለው?