የማርሚታዬ ጫፍ አልወጣም አለኝ፣ መላ ካላችሁ

ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ ነኝ፣ መኪናዬ አሮጌ ቪትዝ ናት። የቀድሞው ባለቤት ማርሚታዋ (የጭስ ማውጫዋ) ጫፍ ላይ የሚያብረቀርቅ ቱቦ ሰክቶባታል። ባለፈው ከግቢው በር ጋር ተጋጭቶ ተጣመመ። አውጥቼ ልጥለው ብል አሻፈረኝ አለ።

ብየዳ የለበትም። ከስር የያዘው አንድ ብሎን ነው። በ10 ቁልፍ ስታገለው የብሎኑ ጭንቅላት ተላጠና ክብ ሆነ፤ በመጋዝ ቆረጥኩት። ተገላገልኩ ስል ቱቦው ንቅንቅ የለም። ሁለት ማታ ዝገት ማላቀቂያ ነፋሁበት፣ በጎማ መዶሻ ዙሪያውን ነካ ነካ አደረግኩት። የረገፈው ቀይ ዱቄት ብቻ ነው። ጠንከር አድርጌ ስመታው ማርሚታውን ያንጠለጠለው ጎማ ሊበጠስ ደረሰ፤ ደንግጬ ተውኩት።

ምክንያቱ ይገባኛል። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ውሃ በሁለቱ ብረቶች መሃል ገብቶ አዛጋቸው፣ ዝገት ደግሞ ያብጣል። የላዩን በእሳት ባሞቀው ሰፋ ብሎ ይለቅ ይሆናል። ግን የነፋሁበት ነገር በእሳት የሚቀጣጠል ነው፣ የቤንዚን ታንከሩም ሩቅ አይደለም። አልደፍርም!

አንድ ጋራዥ ብጠይቅ "ሙሉ ማርሚታው ይቀየር" አሉኝ። ለአንዲት ቱቦ? ማርሚታው እኮ ደህና ነው፣ መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ምን አወረደኝ።

አሁን ያሰብኩት ቱቦውን በርዝመቱ በግራይንደር ሰንጥቄ በካቻቢቴ መፈልቀቅ ነው። የውስጡን ብረት ሳልነካ የት ጋ እንደማቆም በምን አውቃለሁ? ወይስ ሳይቆረጥ የሚወጣበት ዘዴ አለ? ግራይንደር የማስነሳው እሁድ ጠዋት፣ ጎረቤቶቼ ቅዳሴ ሲሄዱ ነው። እስከዚያ ብትደርሱልኝ።