ሩብ ድምፅ መጨመር፦ 24 ወይስ 31? የፒች ቤንድና የጊታር ጥያቄም አለኝ

ጥቁር_ቁልፍ

ሰላም ለሁላችሁ። መደበኛውን የ12 ኖታ ቅኝት ሳልለቅ ማይክሮቶን (ከግማሽ ድምፅ ያነሰ ክፍተት) መጨመር ነው የፈለግኩት። ስለዚህ እያንዳንዱን ግማሽ ድምፅ (100 ሴንት) ለሁለት ከፍዬ፣ ኦክታቭን ለ24 እኩል በመክፈል ጀመርኩ፤ በኖታና በኖታ መካከል 50 ሴንት ማለት ነው። ሦስት ነገር ግራ አጋብቶኛል።

አንደኛ፣ ተራው ሜጀር ኮርድ በ24ም ሲሰማ ከድሮው ምንም አልጠራም። ሁለተኛ፣ ፒች ቤንዱን (ኖታን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የሚዲ መልእክት) ከመሃሉ በ2048 ከፍ ሳደርግ አንዱ ሲንተሳይዘር ልክ ሩብ ድምፅ ይወጣል፣ ሌላው ግን አንድ ኦክታቭ ይዘላል። በዚያ ላይ ኮርድ ሲያዝ አንዷን ኖታ ብቻ ማንሳት አይቻልም፤ ሁሉም አብረው ይነሳሉ። ሦስተኛ፣ ጊታር ላይ አዲስ ፍሬት ሳይገባ ይህን መሞከሪያ መንገድ አለ?

ሞገድ_ቆጣሪ

ኮርዱን በተመለከተ ጆሮህ ልክ ነው። 24 አዲስ ኖታ ይጨምራል እንጂ የነበሩትን አያርምም። ንጹሑ ሜጀር 3ኛ የ5 ለ 4 ሬሾ ነው፣ 386.3 ሴንት። በ12 ላይ 400 ነው። በ24 ላይ ያሉት ቅርብ ቦታዎች 350 እና 400 ስለሆኑ እዚያው 400 ላይ ትቀራለህ፤ 13.7 ሴንት ትርፍ።

ይህ በጆሮ እንዴት እንደሚሰማ እንይ። መካከለኛው ዶ 261.63 ሄርዝ ነው፣ 5ኛ ሃርሞኒኩ (የድግግሞሹ 5 እጥፍ) 1308.1። ከላዩ ያለው ሚ 329.63 ነው፣ 4ኛ ሃርሞኒኩ 1318.5። ሁለቱ ሃርሞኒኮች አንድ ቦታ መግጠም ሲገባቸው ስለተላለፉ በሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ ይርገበገባሉ። ኦክታቭን ለ31 እኩል ብትከፍለው ግን 3ኛው 387.1 ሴንት ላይ ያርፋል፤ መርገብገቡም በሰከንድ ከአንድ በታች ይወርዳል። ረጅም የኦርጋን ድምፅ ላይ ሞክረው፣ ፒያኖ ላይ ቶሎ ስለሚሞት ልዩነቱ ያን ያህል አይታወቅም።

24 የሚያዋጣው ለሌላ ነገር ነው፦ በሜጀርና በማይነር መካከል ላለችው የ350 ሴንት 3ኛ፣ እና ለ11ኛው ሃርሞኒክ። 11 ለ 8 551.3 ሴንት ነው፤ 24 በ550 ይይዘዋል። 7ኛው ሃርሞኒክ፣ 7 ለ 4፣ ግን (968.8) የለም ማለት ይቻላል። 950 በ19 ሴንት ያንሳል፣ 1000 በ31 ይበልጣል።

31 ሜጀር 3ኛውንም 7 ለ 4ንም በ1 ሴንት ገደማ ስህተት ይይዛል። በምትኩ 5ኛው ከንጹሑ 5.2 ሴንት ዝቅ ይላል፣ ከመነሻው ኖታ በቀርም ከድሮዎቹ 12 አንዱም በቦታው አይገኝም። የሆላንዱ የፊዚክስ ሊቅ አድሪያን ፎከር ነድፎት በ1950 እ.ኤ.አ. ለተጠናቀቀው ባለ 31 ኖታ ኦርጋን የተለየ የቁልፍ ሰሌዳ ማስፈለጉ አይገርምም። አንተ 12ን አልለቅም ስላልክ 31 ላንተ አይሆንም። ሁለቱንም ለሚፈልግ 72 አለ፤ የ12 ብዜት ስለሆነ የድሮዎቹ ኖታዎች ይቀመጣሉ፣ 3ኛው 383.3፣ 7 ለ 4 ደግሞ 966.7 ይሆናል። ግን ከ72ቱ ጥቂቶቹን መርጠህ ካልሠራህ በቀር በእጅ የሚያዝ ነገር አይደለም።

ቻናል_ሁለት

ፒች ቤንድ ሴንት አያውቅም። የሚላከው ከ0 እስከ 16383 ያለ ቁጥር ነው፣ መሃሉ 8192። ቁጥሩ ስንት ሴንት እንደሚሆን የሚወስነው ተቀባዩ ላይ የተሞላው የቤንድ ክልል ነው። ክልሉ 2 ግማሽ ድምፅ ከሆነ 8192 ለ200 ሴንት ይደርሳል፣ 2048 ደግሞ 50 ሴንት ይሆናል። ኤምፒኢ (ለእያንዳንዱ ኖታ የራሱን ቻናል የሚሰጥ የሚዲ አሠራር) የሚጠብቅ ሲንተሳይዘር ግን ሳትነካው 48 ላይ ነው፤ እዚያ ያው 2048 1200 ሴንት ነው። ኦክታቭህ ከዚህ መጣ። ክልሉን 2 አድርገው፣ ካልሆነ በ2048 ፈንታ 85 ጨምር።

ኮርዱ አብሮ የሚነሳው ቤንድ የሚዲ ቻናሉ እንጂ የኖታው ስላልሆነ ነው። ለ24 ሁለት ቻናል ይበቃል፦ አንድ ዓይነት ድምፅ በሁለት ትራክ ጫን፣ አንደኛውን 8192 ላይ ተወው፣ ሁለተኛውን 10240 ላይ አስቀምጠህ ከዚያ በኋላ አትንካው። ሩብ ድምፆቹን ሁሉ እሱ ላይ ጻፍ። በአንድ ቻናል ላይ ቤንዱን እየቀያየርክ ከሠራህ ያለፈው ኖታ ጅራት ገና ሳያልቅ ሲንሸራተት ይሰማል።

አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ፕሮግራም ስታቆመው ቤንዱን ወደ 8192 ይመልሰዋል፤ ከመሃል ስታስነሳው ሩብ ድምፅህ ጠፍቶ ታገኘዋለህ። በየክፍሉ መጀመሪያ፣ ከኖታው ቀደም አድርገህ፣ 10240ን ደግመህ ጻፍ።

ፍሬት_አልባ

ለጊታሩ፦ 6ኛ፣ 4ኛና 2ኛ ክር እንደነበሩ ይቆዩ፣ 5ኛ፣ 3ኛና 1ኛውን 50 ሴንት አውርዳቸው። ችግሩ ቱነሩ ነው። ልክ 50 ላይ መርፌው በሁለት የኖታ ስም መካከል ይዋልላል። የ«ላ» ኖታን መነሻ ከ440 ወደ 427.5 ሄርዝ ዝቅ አድርግና ሦስቱን ክሮች በተለመደው ስማቸው ቃኛቸው። ቱነሩ ያን ያህል ካልወረደ 453 ሙላና እያንዳንዱን ክር በግማሽ ድምፅ ዝቅ ባለው ስም ቃኘው፤ ያው ቦታ ነው የሚደርሰው። የላሉት ክሮች ውጥረታቸው 6 በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ ጠንከር ብለህ ስትመታቸው መጀመሪያ ላይ ከፍ ይላሉ።

ፍሬት ማስገባት ካማረህ ስሌት አያስፈልግም። የአዲሱ ፍሬት ቦታ የሁለቱ ጎረቤት ፍሬቶች እኩሌታ ነው ብትል በየትኛውም ቦታ 0.7 ሴንት ብቻ ዝቅ ይላል፤ ጣትህ ሲጫን ከዚያ በላይ ያሳስታል። 648 ሚሊሜትር የክር ርዝመት ላይ የመጀመሪያው 18.2 ሚሊሜትር ላይ ይወድቃል። ከ12ኛው በኋላ ግን ተው፣ ክፍተቱ 9 ሚሊሜትር ይሆንና ጣት አይገባም።

ጥቁር_ቁልፍ

ሁለት ቻናሉ ሠራ፣ አመሰግናለሁ። ለሰርጅ ኤክስቲ (የኮምፒውተር ሲንተሳይዘር ነው) ደግሞ የስካላ ፋይል፣ ማለትም ቅኝቱን የሚዘረዝር የጽሑፍ ፋይል፣ ጻፍኩ፤ 24 መስመር፣ 50፣ 100፣ 150 እያለ እስከ 1200። ሲጫን ከሁለተኛው ቁልፍ ጀምሮ ጩኸት ነው።

ቻናል_ሁለት

ነጥብ ረስተሃል። በስካላ ፋይል ነጥብ የሌለው ቁጥር ሬሾ ነው፤ 50 ማለት 50 ለ 1፣ ከአምስት ኦክታቭ ተኩል በላይ። 50.0፣ 100.0 ብለህ ጻፍ። የመነሻዋ 0 አትጻፍም፣ የመጨረሻዋ 1200.0 ትጻፋለች፣ ከላይ ያለው ብዛት 24 መሆኑንም እይ። አንድ ኦክታቭ 24 ቁልፍ ስለሚበላ 61 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ሁለት ኦክታቭ ተኩል ብቻ ይሰጥሃል፤ ለመጫወት ከሆነ ሁለት ቻናሉ ይሻልሃል።