አስቸኳይ፦ የጫጩት ሽል አንጎል ላይ ኤልሲ3 አንድ ባንድ ብቻ እያወጣብኝ ነው

ጠያቂ፦
እባካችሁ ድረሱልኝ፣ አራት ኪሎ ነኝ። የ4 ቀን ሽል አንጎል ፈጭቼ የኦቶፋጂ (ሴል የራሱን ክፍሎች የሚበላበት ሂደት) ምልክት የሆነውን ኤልሲ3 ፕሮቲን ለማየት ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በጄል በመጠን ለይቶ በአንቲቦዲ ማሳየት) ሠራሁ። 16 ኪሎዳልተን አካባቢ አንድ ባንድ (ኤልሲ3-1) አለ፣ የ14ቱ (ስብ የተጣበቀበት ኤልሲ3-2) ግን የለም። ለማነጻጸሪያ ያየሁት ፕሮቲን፣ አክቲን፣ ጥርት ብሏል። ሦስቴ ደገምኩት፣ ያው ነው። ነገ 4 ሰዓት ለአማካሪዬ አሳያለሁ። በዚህ ዕድሜ ኦቶፋጂ የለም ብዬ ልጻፍ? የቀረኝ ሳምፕል ለአንድ ጄል ብቻ ነው።

ጄል ቤት፦
ጄሉ ስንት ፐርሰንት ነው? ፕሮቲኑን ከጄሉ የምታዛውርበት ሜምብሬንስ ቀዳዳው ስንት ነው?

ስድስት ኪሎ፦
ኧረ «የለም» ብለህ እንዳትጽፍ! ለኦቶፋጂ የሚያስፈልገው አምብራ1 ጂን የጎደላቸው የአይጥ ሽሎች የነርቭ ቱቦ በትክክል እንደማይዘጋ እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። ሌሎቹ የኦቶፋጂ ጂኖች፣ ኤቲጂ5 ወይም ኤቲጂ7፣ ከነርቭ ሴሎች ሲነሱ ደግሞ ፕሮቲን ተጠራቅሞ ሴሎቹ እንደሚሞቱ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ይታወቃል። ባንዱ ቢወጣም ብቻውን አያስረዳም፤ ኤልሲ3-2 ኦቶፋጂ ሲጨምርም ይበዛል፣ ላይሶዞም (የሴሉ መፍጫ ከረጢት) ሲዘጋም ይበዛል። ትኩስ ቲሹ ለሁለት ክፈልና አንዱን ላይሶዞምን በሚዘጋው ባፊሎማይሲን 100 ናኖሞላር ውስጥ ለ3 ሰዓት አቆይተህ አወዳድር። በኦቶፋጂ የሚፈጨውን ፒ62 ፕሮቲንንም እይ።

ጠያቂ፦
10 ፐርሰንት፣ 0.45 ማይክሮን። ባፊሎማይሲን የለኝም።

ስድስት ኪሎ፦
በምትኩ ክሎሮኪን 50 ማይክሮሞላር ይሆናል።

ጄል ቤት፦
ተገኘ። 10 ላይ ሁለቱ ይደራረባሉ። ኤልሲ3-2 ስብ ስለተጣበቀበት ክብደቱ ቢበልጥም ፈጥኖ ይወርዳል፣ ልዩነቱ ግን ጥቂት ነው። 15 ፐርሰንት አፍስስ፣ ሰማያዊው ቀለም ከጄሉ ሥር ሳይወጣ አቁም። በ0.45 ትንንሹ ፕሮቲን አልፎ ይሄዳል፤ 0.2 ፒቪዲኤፍ ሜምብሬን በሜታኖል አርጥበህ፣ በትራንስፈር (ከጄል ወደ ሜምብሬን ማዛወሪያ) ባፈሩ ውስጥ 20 ፐርሰንት ሜታኖል፣ 100 ቮልት፣ 1 ሰዓት፣ በረዶ ላይ። አክቲን 42 ኪሎዳልተን ስለሆነ ጥርት ማለቱ ስለ ታችኛው ባንድ ምንም አይነግርህም።

እንጦጦ፦
ሳምፕሉን በምን ነው የምታፈላው? እዚህ ከተማ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ 95 አይደርስም።

አዲስ ገቢ፦
15 ፐርሰንት ጄል ሞክር።

ጄል ቤት፦
እንጦጦ፣ እውነት ነው፣ ግን 10 ደቂቃ ካቆየው ይበቃል። ይልቅ ሴንትሪፉጅ አድርጎ ዝቃጩን ጥሎ ከሆነ ያሳስበኛል። ኤልሲ3-2 ሴል ውስጥ ባለ ሽፋን ላይ ተጣብቆ ነው ያለው፤ ቲሹው የተፈጨበት ባፈር ዲተርጀንት ከሌለው ከዝቃጩ ጋር ይቀራል። ቢያንስ 1 ፐርሰንት ትራይተን ያስፈልጋል። አንቲቦዲውም ለዶሮ እንደሚሠራ ወረቀቱን እይ።

ልደታ፦
0.2 ሜምብሬን ተርፎኛል፣ ወንድሜ፤ 11 ሰዓት ሳይሞላ ና፣ ሁለት ቁራጭ እሰጥሃለሁ። ፓወር ሰፕላዩን ዩፒኤስ ላይ ሰካው። ትራንስፈር መሃል መብራት ከሄደ ፕሮቲኑ ጄሉ ውስጥ ይሰራጭና ባንዱ ይደበዝዛል።