አስቸኳይ፦ ፍሬኑ አይዝም፣ ካቴናው ይዘላል፤ ሁሉንም ልቀይረው?

የማራኪ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ በናታችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ዛሬ ከጎንደር ወደ አዘዞ ስወርድ የሳይክሌ የኋላ ፍሬን ጭራሽ አልይዝ አለኝ። እጀታውን እስከ መጨረሻው ጨብጬው እየጮኸ ዝም ብሎ ይሄዳል። ስመለስ ደግሞ ዳገቱ ላይ ጠንከር አድርጌ ስረግጥ ካቴናው ይዘላል፣ ያውም በቅርቡ ያስገባሁት አዲስ ካቴና። ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር ወደ ወለቃ ልንወጣ ነው። ከአዲስ አበባ የዘይት ዲስክ ፍሬንና ባለ 12 ማርሽ ሙሉ ዕቃ ላስመጣ አስቤያለሁ። ከዕቃ አምራቾቹ ሺማኖ ይሻላል ወይስ ስራም?

አራዳ፦ የፋሲልን ግንብ እንዳትገጨው ብቻ፣ በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው 😂

ጋሽ መምህር፦ ልጄ፣ ዕቃ ከመግዛትህ በፊት አነዳድ ተማር። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ጨብጦ መቆየት ዲስኩን ያግላል። ያዝ ለቀቅ እያደረግህ ነው የሚወረደው፣ የፊቱንም አትፍራው፣ ዋናው የማቆም ጉልበት ያለው እሱ ላይ ነው። የዛሬ ልጆች የኋላውን ብቻ ነው የምትይዙት።

የማራኪ ልጅ፦ እሺ ጋሼ፣ ልክ ነዎት፣ ግን የኔ ቆሜ ስገፋው እንኳ አይዝም።

ቀበሌ 18፦ ሽቦውን አጥብቀው።

የሰንሰለት ሰው፦ ኧረ ሳይክሉ ምን እንደሆነ ንገረን እንጂ። ዲስክ ነው? ኋላ ስንት ማርሽ ነው?

የማራኪ ልጅ፦ ዲስክ ነው፣ በሽቦ የሚሠራ። ኋላ 7።

የሰንሰለት ሰው፦ እንግዲያው ባለ 12ቱን እርሳው። ባለ 7 ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ብሎን ተጠምዝዞ የሚታሰር ነው፣ ያንተም እንደዚያ ከሆነ ባለ 12 ካሴት (ተንሸራቶ የሚገባው የጥርሶች ስብስብ) የቸርኬው መሃል ላይ አይገባም፣ ቸርኬውን ጭምር መቀየር ይመጣል። ካቴናው የሚዘለው አሮጌው ካቴና ጥርሱን በልቶት ስለሄደ ነው፣ አዲሱ አይገጥመውም። ባለ 7 የኋላ ጥርስ ብቻ ግዛ፣ መፍቻ ስለሚፈልግ ሰፈር መካኒክ ጋ ውሰደው። ትንሹ 14፣ ትልቁ 28 ጥርስ ያለው ይበቃሃል፤ ዳገት ካስቸገረህ እስከ 34 የሚሄደውን ውሰድ፣ ግን የማርሽ መቀየሪያህ ክንድ ረጅም መሆኑን አይተህ።

ቀበሌ 18፦ እኔም ያልኩት ሽቦውን አጥብቀው ነው።

የሰንሰለት ሰው፦ ሽቦውማ አይበቃም። ብዙ የሽቦ ዲስኮች ላይ የሚንቀሳቀሰው የውጪው የፍሬን ሸራ ብቻ ነው። የውስጡ ቆሞ ነው፣ ሲበላ በቁልፍ ወደ ዲስኩ ታስጠጋዋለህ። እስቲ በቸርኬው መሃል አጮልቀህ ተመልከት። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ አስጠጋው፣ ዲስኩን ሳይነካ ቸርኬው እስኪዞር ድረስ። የሚጮኸው ግን ዘይት ስለነካው ሊሆን ይችላል፣ ካቴና ላይ ዘይት ረጭተህ ከሆነ። ዲስኩን ከፋርማሲ በሚሸጠው አልኮል ጥረግ። ሸራው ዘይት ከጠጣ ቀይረው፣ ማጠቡ አያዋጣም።

አራዳ፦ የዘይት ፍሬን ካስመጣህም የባጃጅ ፍሬን ዘይት እንዳትጨምርበት! ሺማኖ የሚወስደው ማዕድን ዘይት ነው፣ የባጃጁ ዘይት የፍሬኑን ጎሚኒዎች ያበላሻቸዋል። አሁን እየቀለድኩ አይደለም።

ፈረሰኛው፦ ምንድነው ነገሩ፣ ዳገት የወጣ ሁሉ ሙሉ ዕቃ ልቀይር ይላል። ሸራና ጥርስ ቀይር፣ የተረፈውን ብር ጎማ ግዛበት፣ ወለቃ መንገድ ጠጠር አይጠፋም።

የማራኪ ልጅ፦ እሺ እሺ፣ መጀመሪያ ሸራውን ላየው ነው። ማን አለ ከዚህ ሰፈር የጥርስ መፍቻ ያለው?

ቀበሌ 18፦ ሽቦውን ግን አጥብቀኸዋል?